ሶሌታ ቀዳዳ ላይ የተሞላ ፎም እሳት ያቆማል?

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፦ ሰላም ወገኖች። እዚህ ማርቆስ ጂ+4 ሕንፃ እየጨረስን ነው። ታች ሱቅ፣ ላይ ማረፊያ ክፍሎች ናቸው። ኬብሉና የፍሳሽ ቱቦው ሶሌታውን (የፎቁን የኮንክሪት ወለል) እየበሱ በአንድ ሻፍት (ከታች እስከ ላይ በሚወጣ የመስመር መተላለፊያ) ይወጣሉ። ኤሌክትሪሽያኑ ዙሪያውን በቢጫ ስፕሬይ ፎም ሞላው። አማካሪው መጣ፣ በጣቱ ጫን አደረገና «ይሄ ይውጣ» አለ። ባለቤቱ ደግሞ «ቀዳዳው ተደፍኗል፣ ምን ቀረ?» ይላል። ማን ነው ልክ?

ፎርማን (ቡሬ)፦ አማካሪው ነው ልክ። ያ ፎም የበርና የመስኮት ፍሬም መሙያ ነው። ፖሊዩሪቴን ስለሆነ ራሱ ይነዳል። አውጥተህ በሲሚንቶ ሙላው፣ አለቀ።

ኤሌክትሪካል (ባህር ዳር)፦ አያ ፎርማን፣ አላለቀም። ቱቦው ፒቪሲ (ፕላስቲክ) ከሆነ ሲሚንቶው ዙሪያውን ብቻ ነው የሚይዘው። እሳት ሲመጣ ቱቦው ቀልጦ ይወርድና እሱ ራሱ ቀዳዳ ይሆናል። ለዚህ ፋየር ኮላር የሚባል የብረት ቀለበት አለ። ውስጡ ሙቀት ሲነካው የሚያብጥ ነገር አለበት፤ የለሰለሰውን ቱቦ ጨፍልቆ ይዘጋዋል። ሶሌታ ከሆነ ከሥር በኩል በደንብ ይታሰራል። ግድግዳ ከሆነ በሁለቱም ገጽ።

ስለ ፎሙ ለባለቤቱ ይህን ንገረው። በ1975 እ.ኤ.አ. አሜሪካ አላባማ፣ ብራውንስ ፌሪ የኑክሌር ማመንጫ ውስጥ ሠራተኞች የኬብል መተላለፊያ በፎም ደፍነው፣ አየር ያስገባ እንደሆነ በሻማ ይፈትሹ ነበር። ነበልባሉ ፎሙን ያዘው። እሳቱ ኬብሉን ተከትሎ ግድግዳውን አለፈ፤ ከ1,600 በላይ ኬብል ተበላሸ።

ጠያቂ፦ ጉድ ነው! ኬብሉስ በምን ይደፈን?

ሳይት መሐንዲስ (ፍኖተ ሰላም)፦ ሮክ ዉል (ከድንጋይ የሚሠራ ጥጥ መሰል መሙያ) በኬብሎቹ መሃል ሳይቀር ጥቅጥቅ አድርገህ ሙላ። ላዩን እሳት በሚቋቋም፣ ሲሞቅ በሚያብጥ ማሸጊያ ሸፍነው። ተራ ሲሊከን አይሆንም። ግላስ ዉልም (ከመስታወት የሚሠራው) «ያው ነው» ብለው ቢሰጡህ አትቀበል፤ ሮክ ዉል የሚችለውን ሙቀት አይችልም። ማሸጊያው ላይ «ፋየር» የሚል ጽሑፍ አይተህም አትርካ። የሙከራ ወረቀቱን ጠይቅ፦ በምን ዓይነት ሶሌታ፣ በስንት ሚሊ ጥልቀት፣ ለስንት ሰዓት? የአንተ ቀዳዳ ከዚያ ከሰፋ ወረቀቱ አይሠራልህም። ከመሸፈንህ በፊት ፎቶ አንሳ፣ አማካሪው ይፈልገዋል።

በነገራችን ላይ ኬብልና ፍሳሽ በአንድ ሻፍት? እሱን ሌላ ቀን እንነታረካለን።

ፎርማን (ቡሬ)፦ ኮላሩን ተቀብያለሁ። አንድ ልጨምር። ሕንፃው ካለቀ በኋላ የኢንተርኔት ሰዎች ይመጣሉ፤ በድሪል በስተው ኬብላቸውን ጎትተው ይሄዳሉ። ማንም መልሶ አይደፍነውም። ከአሁኑ አንድ ሁለት ባዶ ኮንዲዩት (የኬብል ማሳለፊያ ቱቦ) አስቀምጥ፣ አፉንም አሽገው። የጥበቃ ሠራተኛውም ሻፍቱን ቆልፎ ቁልፉን ይያዝ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ፎሙን በቢላ እያወጣነው ነው። የሻማውን ታሪክ ለባለቤቱ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማና «ኮላሩ ስንት ብር ነው?» አለኝ። ለ110 ሚሊ ቱቦ የሚሆነውን ኮላር ዋጋ የምታውቁ በውስጥ ጻፉልኝ።