ልጆቹ ባያነቡትም ጋዜጣችን ይቀጥል

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

«ልጆቻችን አማርኛ ካላነበቡ ለማን ነው የምናትመው?» የምትለዋን ጥያቄ አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እዚህ አሜሪካ ትራክ ነው የምነዳው። አዮዋ በሚባለው ግዛት ውስጥ የዴንማርክ ስደተኞች የሰፈሩባት ኤልክ ሆርን የምትባል ትንሽ የገበሬ ከተማ አለች። እዚያ ትልቅ የንፋስ ወፍጮ ቆሟል። በ1848 ዴንማርክ ውስጥ የተሠራ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1976 ፈታተው፣ እንጨቶቹ ላይ ቁጥር ጽፈው፣ ባሕር አሻግረው መልሰው ገጣጠሙት።

በዚያችው ከተማ በ1880 «ዳነቪርከ» የሚባል የዴንማርክኛ ጋዜጣ ተጀምሮ ነበር። በኋላ እዚያው አዮዋ ወዳለችው ሲዳር ፎልስ ሄደ። ከዴንማርክኛ ጋዜጦቹ ትልቁ ግን ነብራስካ ግዛት፣ ኦማሃ ከተማ የነበረው «ደን ዳንስከ ፒዮኒር» ነው። ማርክ ሃንሰን በ1872 ጀመረው፣ ሶፉስ ኔብለ አሳደገው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ወደ 40,000 ቅጂ ደርሶ ነበር። የአገር ቤቱን መንግሥት አጥብቆ ስለሚተች ዴንማርክ እንዳይገባ ለዓመታት ታግዷል።

እስቲ ገበሬውን አስቡት። ጎረቤቱ ሩቅ ነው፣ ክረምቱ በረዶ ነው፣ እንግሊዝኛው አልያዘለትም። በሳምንት አንዴ በገዛ ቋንቋው የሚያናግረው ያ ወረቀት ነው። የትውልድ ቀዬው ወሬ አለበት፣ እንደሱ የተሰደዱ ሰዎች ደብዳቤ አለበት። የዴንማርክ ሰዎች አንድ ላይ የሚሰፍሩበት መሬት የት እንዳለም ከዚያ ያነባል። ቴክሳስ ውስጥ ዳነቫንግ በ1894፣ ሚኒሶታ ውስጥ አስኮቭ በ1906 የተቆረቆሩት እንዲህ ተጠራርተው በሄዱ ሰዎች ነው።

ከባድ ጊዜም መጣ። ከ1917 ጀምሮ በሌላ ቋንቋ የሚታተም ጋዜጣ ስለ ጦርነቱ ሲጽፍ ትርጉሙን ለፖስታ ቤት ማስገባት ነበረበት። በ1918 ደግሞ የአዮዋው ገዥ ሃርዲንግ በትምህርት ቤት፣ በአደባባይ፣ በባቡር፣ በስልክ ጭምር ከእንግሊዝኛ ሌላ አትናገሩ ብሎ አወጀ። በቤተ ክርስቲያንም እንኳ! «ዳነቪርከ» ይህንንም አልፎ እስከ 1951 ቆየ። 71 ዓመት ማለት ነው። ልጆቹ ወደ እንግሊዝኛ ከዞሩ ቆይተዋል፤ ጋዜጣው ግን ወላጆቹን እስከ መጨረሻው አገልግሏል።

ለእኔ ይኼ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ ከሐበሻ ሱቅ እንጀራ ስገዛ ባንኮኒው ላይ አንድ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት አገኘሁ። ጥጉ በርበሬ ነክቶታል። የትራክ መንጃ ፈቃድ እንዴት እንደሚወጣ ደረጃ በደረጃ ይናገራል። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ዛሬ የምበላው እንጀራ ከዚያ ነው የመጣው። ልጄ ያንን ወረቀት ማንበብ አይችልም፤ ያደገው ግን በእሱ ነው።

ስለዚህ አትዝጉት። ለሚቀጥለው እትም የመንጃ ፈቃዱን ገጽ እኔ አዘጋጃለሁ፣ እስከ እሑድ እልካለሁ። ስለ ቤት ኪራይ ውል የሚጽፍልን ማን አለ?