ኩላሊት ሲታመም ደም ለምን ያንሳል?

ጥያቄ፦ የኩላሊት ሥራ ደምን ማጣራትና ሽንትን ማመንጨት እንደሆነ ሁላችንም ተምረናል። ታዲያ ኩላሊታቸው ለረጅም ጊዜ የታመመ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የደም ማነስ የሚይዛቸው ለምንድን ነው? ደም የሚመረተው በአጥንት መቅኔ ውስጥ አይደለምን?

መልስ 1፦ በእርግጥ ቀይ የደም ሕዋሳት የሚመረቱት በመቅኔ ነው፤ የምርቱ ትእዛዝ ግን በአብዛኛው የሚወጣው ከኩላሊት ነው። ኩላሊቶች በእረፍት ጊዜ ልብ ከምትረጨው ደም 20 በመቶ ያህሉን ይቀበላሉ፤ ደሙ የሚያደርስላቸው ኦክስጅን ሲቀንስ ይህንን የሚለዩ ሕዋሶቻቸው ኤሪትሮፖየቲን የተባለውን ሆርሞን ይለቃሉ፤ እርሱም በደም ተጉዞ መቅኔ ሲደርስ ምርቱ እንዲጨምር ያደርጋል። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ የሚኖረው 120 ቀን ገደማ ስለሆነ፣ ኩላሊት ተጎድቶ ሆርሞኑ ሲያንስ ያረጁት ሕዋሳት በበቂ ሁኔታ አይተኩም።

መልስ 2፦ ትእዛዙ ብቻውን አይበቃም፤ ጥሬ ዕቃም ያስፈልጋል። ብረትና ፎሌት የተባለው ቫይታሚን በትንሹ አንጀት በኩል ይገባሉ፤ ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ (ብዙዎች ይህን ይዘነጉታል) ጨጓራ የሚያመነጨው ልዩ ፕሮቲን ካልተጣበቀበት በትንሹ አንጀት መጨረሻ በሚገባ አይመጠጥም።

ጠያቂ፦ አየሩ በሳሳበት ከፍታ የሚቆይ ሰው ቀይ ሕዋሳቱ የሚበዙትም በዚሁ መንገድ ነው ማለት ነው?

መልስ 1፦ አዎን። ሆኖም ትንፋሽና የልብ ምት ወዲያውኑ ሲፈጥኑ፣ የሕዋሳቱ ቁጥር በጉልህ እስኪጨምር ሳምንታት ይወስዳል። ጭማሪው ልኩን ካለፈ ደግሞ ደሙ ይወፍርና የልብን ሥራ ያከብዳል።