ክራግ ለምትገዙና ለምታሳድሱ፦ ከኦስሎ የተላከ ጥቆማ

አንድ ወዳጄ «የድሮ የኖርዌይ ጠመንጃ ልገዛ ነው፣ የቱን ልያዝ? ማን ያድስልኝ?» አለኝ። እዚህ ላላችሁ ሌሎችም ይጠቅማል።

ከሁሉ በፊት የፖሊስ ፈቃድ። ያለሱ ዋጋ እንኳን አትጠይቁ።

ከሁለቱ የድሮ የኖርዌይ ጦር ጠመንጃዎች፣ ከጃርማንና ከክራግ፣ ለጀማሪ የምመክረው ክራግን ነው። የ1884ቱ ጃርማን (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ከበርሜሉ ሥር ባለው ቱቦ 8 ጥይት ይጎርሳል። ግሩም መሣሪያ ነው፤ ግን 10.15 ሚሊሜትር ጥይቱን ከተራ ሱቅ አታገኙም። ኖርዌይ በ1894 የተቀበለችው ክራግ-ዮርገንሰን (ባጭሩ ክራግ) ግን ጥይቱ 6.5 በ55 ነው፣ ማለትም 6.5 ሚሊሜትር ሆኖ ቀለሁ 55 ሚሊሜትር የሚረዝም፤ ጥይቱ ዛሬም በየአደን ሱቁ አለ። ከጎኑ ያለውን ክዳን ከፍታችሁ 5 ጥይት በእጃችሁ ጣል ጣል ታደርጋላችሁ፣ ጠቅ ብሎ ይዘጋል። መቀባበያው ቅቤ የጠጣ ነው የሚመስለው። የምንሽርና የውጅግራ ወሬ እየሰማ ላደገ ሰው ይህን በእጅ መያዝ ልዩ ነገር ነው።

ስትገዙ ቁጥሩን አስተያዩ። የመቀባበያውና የአካሉ ቁጥር አንድ ከሆነ ውሰዱት። ዘውድ የደፋችው የኬ ፊደል የኮንግስበርግ ፋብሪካ ምልክት ናት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኦስትሪያ ውስጥ ሽታየር የተባለው ፋብሪካ የሠራቸውም አሉ፤ እነሱንም አትናቁ።

አሁን ወደ አዳሾቹ። የመጀመሪያ ጠመንጃዬን የሰጠሁት «በሳምንት አዲስ አደርግልሃለሁ» ላለኝ ሱቅ ነበር። እውነትም አዲስ አደረገው። እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ቫርኒሽ ቀባው። ሰደፉ ላይ የነበሩት ትናንሽ ማኅተሞች ጠፉ። መቶ ዓመት ያለፈው ምልክት በአንድ ከሰዓት ሄደ፤ ዛሬም ያንገበግበኛል። ሁለተኛውን የወሰድኩት አንድ አዛውንት ጠመንጃ ሠሪ ጋ ነው። አራት ወር አስጠበቁኝ። ያልተስማማ ብሎን ለወጡ፣ የጥይት ማረፊያውን ለኩ፣ ሌላውን አልነኩም። «ምኑ እንዳይነካብህ ትፈልጋለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ ካገኛችሁ አትልቀቁት። የክራግ መቀባበያ ሲተኮስ የሚቆልፈው በአንድ ጥርስ ብቻ ስለሆነ፣ ሳይመረመር አትተኩሱበት፤ ኃይለኛ ጥይትም አታጉርሱት።

ለቤት ሥራ፦ ለብረቱ ባሊስቶል የሚባለው የመሣሪያ ዘይት ይበቃል። ዝገት ካለ ዘይት አርሱትና በጣም ደቃቁን የብረት ሱፍ ይዛችሁ በቀስታ እሹት። በብሩሽ የሚቀባውን ጥቁር ቀለም ተዉት፣ ወዲያው ያስታውቃል። ለእንጨቱ የተልባ ዘይት ነው። ጥሬው ጠልቆ ይገባል፣ ግን ለመድረቅ ሳምንታት ይፈጃል፤ የተፈላ ተብሎ የሚሸጠው ቶሎ ይደርቃል። እኔ ጥሬውን እመርጣለሁ፦ በጣም ስስ አድርጌ፣ በመዳፌ አሽቼ፣ ትርፉን ጠርጌ።

የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ግን ጨብጣችሁ ቅርጫት ውስጥ እንዳትጥሉ። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ በራሱ ግሎ እሳት ያስነሳል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።