ያለ ሸራና ያለ ቱቦ ቀለም የሰፈር የሥዕል ቡድን መጀመር ይቻላል?

የቅዳሜ ቡድን

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በሰፈራችን ቅዳሜ ከሰዓት እየተገናኘ ሥዕል የሚሠራ ቡድን ልንጀምር ነው። 12 ሰው አለን፤ ግማሹ ተማሪ፣ ግማሹ ሳምንቱን ሙሉ ግንባታና ሱቅ የሚውል። አዳራሽ በነፃ ተገኝቷል፣ ገንዘብ ግን የለም ማለት ይቀላል። ተወጥሮ የሚሸጥ ሸራና የቱቦ ቀለም ለሁለት ሰው ብንገዛ አሥሩ እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ ነው።

ሸራውንም ቀለሙንም በአቅራቢያ ከሚገኝ ነገር መሥራት ይቻላል ወይ? መጠኑን ብትነግሩኝ፣ የት ላይ እንደሚበላሽም ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል። ሌላው ደግሞ "መጀመሪያ ሆድ ይሙላ፣ ሥዕል የጥጋበኛ ነው" የሚሉ ወላጆች አሉ። ለእነሱ ምን ይባላል?

ሸራ ወጣሪ

ይቻላል። ከሸራው ልጀምር፣ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚያ ላይ ስለሆነ።

ጨርቁ አቡጀዲ ነው። ጠበቅ ብሎ የተሸመነውን ምረጡ፤ ወደ ብርሃን ከፍ ሲል ወንፊት የሚመስለውን ተዉት። ከፋብሪካ ሲወጣ ስታርች ስላለበት በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ መጥበቡን እዚያው ይጨርስ። ሳይታጠብ የተወጠረ አቡጀዲ ማጣበቂያውን እኩል አይጠጣም፤ ቦታ ቦታ ላይ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይቀራል።

ለመጀመሪያ 40 በ50 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። የተላገ ቀጭን ጣውላ ማዕዘኑን በ45 ዲግሪ ቆርጣችሁ በኮላ አጣብቁ፣ ከኋላ ሦስት ማዕዘን የኮምፔርሳቶ ቁራጭ ምቱበት። ኮላው ሳይደርቅ ሁለቱን ሰያፍ በሜትር ለኩ። እኩል ካልመጡ ፍሬሙ ተንጋዷል፣ ያኔ ገፋ አድርጎ ማስተካከል ይቻላል፤ ከደረቀ በኋላ ግን አለቀ። አንድ ነገር አትርሱ፦ ጨርቁ የሚያርፍበትን ፊት የውስጠኛ ጠርዝ በሞረድ ወደ ውስጥ ዝቅ አድርጉት። ካልሆነ ብሩሽ በተጫነ ቁጥር ጨርቁ ጣውላውን እየነካ በሥዕሉ ዙሪያ መስመር ያወጣል፤ ያ መስመር በምንም አይጠፋም።

ሲወጠር ከመሃል ይጀመራል። የአንዱ ጎን መሃል ላይ አንድ ሚስማር፣ ከፊት ለፊቱ ሳቡና ሌላ፣ ከዚያ የቀሩት ሁለት ጎኖች መሃል። ከዚያ በየ5 ሳንቲው ወደ ማዕዘኑ እየተቃረባችሁ፣ ሁልጊዜ ትይዩውን እየሳባችሁ ሂዱ። ከማዕዘን የጀመረ ሰው መሃሉ ላይ የተኮማተረ ጨርቅ ይዞ ይቀራል።

አሁን ልባሱ፣ ማለት ቀለሙ የሚያርፍበት ነጭ ቅብ። መጀመሪያ ነጭ የእንጨት ኮላ 1 እጅ፣ ውሃ 3 እጅ በጥብጣችሁ ጨርቁን ቀቡትና ይድረቅ። ቀጥሎ 2 እጅ የጠመኔ ዱቄት፣ 1 እጅ ኮላ፣ 1 እጅ በውሃ የሚበጠበጥ ነጭ የግድግዳ ቀለም። በውሃ አቅጥኑት፣ አጥሚት ሲመስል ይበቃል፤ በሻሽ አጥልሉት። ሦስት ጊዜ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ አንዱን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ቀጣዩን ወደ ጎን፤ በየመሃሉ በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ አፍና አፍንጫ ሸፍኖ። አንድ ጊዜ በወፍራሙ ልገላገል ያለ ሰው ሲደርቅ እንደ መረሬ አፈር ይሰነጠቅበታል።

ፈተናው ቀላል ነው። በአውራ ጣት ስታሹት ዱቄት ከለቀቀ ኮላ አንሶታል። የውሃ ጠብታ ላዩ ላይ ተንከባልሎ ከወረደ ደግሞ ኮላ በዝቶበታል፣ ቀለም አይዝም።

ከጠመኔ ይልቅ ጀሶ ይረክሳል ብላችሁ ከግንባታ ዕቃ መሸጫ አምጥታችሁ በቀጥታ እንዳትጨምሩ። የተቃጠለ ጀሶ ውሃ ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ ባልዲው ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔ አብዛኛው ጀሶ ቢሆንም አንዴ ደርቆ ስላለቀ ተመልሶ አይጠጥርም፤ ቁርጥራጩን ከትምህርት ቤት ለምናችሁ ውቀጡትና ንፉት። ጀሶ ብቻ ካላችሁ በብዙ ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ ለአንድ ወር ያህል በየቀኑ አማስሉት፤ የመጠጠር ኃይሉን ያጣል፣ ያን ጊዜ ይሆናል።

ጥላሸትና አስኳል

ወንድሜ ሸራውን ጨርሶታል፣ እኔ ወደ ቀለሙ ልሂድ። አራት ቀለም በነፃ ታገኛላችሁ፦ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር፣ ነጭ። ሰማያዊና ደማቅ አረንጓዴ በቤት አይወጡም፤ ለእነሱ ያለችውን ገንዘብ አጠራቅሙ።

ቀይ አፈር ካገኛችሁ አድርቁና ውቀጡት፣ በባልዲ ውሃ በጥብጡት። አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ አሸዋው ይዘቅጣል። ላይ ያለውን የደፈረሰ ውሃ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡ፣ አሸዋውን ጣሉ። ይህንን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሙ። መጨረሻ ላይ የገለበጣችሁት ውሃ አድሮ ሲጠራ፣ ከታች የቀረው ለስላሳ ጭቃ ቀለማችሁ ነው። ደርቆ ሲፈጭ በጥርስ መካከል ኮረኮር ካለ ገና አሸዋ አለበት። (አፈሩ ንጹሕ ቦታ ካልተቆፈረ ግን በጣት እሹት እንጂ ጥርስ ላይ አታድርጉት፤ ጋራዥና ቆሻሻ መጣያ አጠገብ ያለውን ጭራሽ ተዉ።)

ቢጫ አፈርም በዚሁ መንገድ ይጣራል፣ ጥቅሙ ግን ድርብ ነው። ከፍሎ አሮጌ ብረት ላይ እያማሰሉ በኃይለኛ እሳት ቢቆሉት መጀመሪያ ብርቱካናማ፣ ቀጥሎ ቀይ ይሆናል። ውስጡ ያለው ውሃ ያዘለ የብረት ዝገት ውሃውን ስለሚለቅ ነው። ትኩስ ሳለ ከእውነተኛ መልኩ ይጠቁራል፤ ስለዚህ ቆንጠር አድርጋችሁ ድንጋይ ላይ አብርዱና አይታችሁ ወስኑ። ከአንድ ጉድጓድ አፈር ሦስት አራት ዓይነት ቀለም ይወጣል። የእንጀራ ምጣድ እንዳትነኩ ብቻ።

መረሬን ለጥቁር አትድከሙበት፤ ሲደርቅ ግራጫ ነው፣ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጥቁሩ ከኩራዝ ጥላሸት ነው። ጥላሸት ቅባት ስላለበት ውሃ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይበጠበጥም፤ መጀመሪያ በጥቂት ጠብታ አረቄ አርሱትና እሹት፣ ከዚያ ውሃ ጨምሩ፣ እሺ ይላል።

እርድ፣ ቀይ ሥር፣ አበባ የሚሉ ምክሮች ይመጡላችኋል። ለልጆች አንድ ቀን መጫወቻ ይሁኑ፤ ፀሐይ ያለበት ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉ ግን ብዙም ሳይቆዩ ይነጣሉ። አፈርና ጥላሸት አይነጡም።

ማያያዣው፣ ማለት የቀለሙን ዱቄት የሚያጣብቀው፣ እንደምትሠሩበት ነገር ይለያያል። ለወረቀት የግራር ሙጫ፦ 1 እጅ ሙጫ በ2 እጅ ሙቅ ውሃ አሳድሩ፣ አጥልሉ፣ እንዳይሰነጠቅ ማር በትንሹ፣ እንዳይሻግት ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ። ዕጣን ግን በቦታው አይተካም፤ አብዛኛው ውሃ ውስጥ አይሟሟም።

ለጣውላ የእንቁላል አስኳል። ነጩን ለዩ፣ አስኳሉን ከመዳፍ ወደ መዳፍ እያንከባለላችሁ እጃችሁን እየጠረጋችሁ አድርቁት፣ ሽፋኑን በሁለት ጣት አንጠልጥላችሁ በመርፌ ውጉት፣ ፈሳሹ ብቻ ስኒ ውስጥ ይውረድ። አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃና ጥቂት ጠብታ አቸቶ ጨምሩ። ቀለሙን ለብቻው በውሃ ለውሳችሁ፣ ከአስኳሉ እኩል በእኩል አዋሕዱ። መስታወት ላይ ቀብታችሁ ሲደርቅ በቢላ ፋቁት፦ እንደ ላስቲክ ተልጦ ከወጣ ልክ ነው፣ ዱቄት ሆኖ ከረገፈ አስኳል ጨምሩ። ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ አዘጋጁ፣ ያደረ ይገማል።

እዚህ ላይ ከሸራ ወጣሪ ትንሽ ልለይ። አስኳል ሲደርቅ ግትር ስለሆነ የተወጠረ ጨርቅ ላይ ይሰነጠቃል። ለእንቁላል ቀለም አቡጀዲውን ኮምፔርሳቶ ላይ በኮላ ለጥፉትና ያንኑ ልባስ ቀቡት፤ ፍሬም መሥራትም ይቀርላችኋል። በብዙ አብያተ ክርስቲያናትም ሥዕሉ ያለው ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ደግሞ ጣውላውን በነጭ ልባስ አልብሶ ነው የሣለው። ሸራ ላይ ካላችሁ ኮላና ውሃ እኩል አድርጋችሁ ቀለሙን በእሱ ለውሱ፣ ግን ብሩሹን ወዲያው እጠቡ፤ ኮላ የደረቀበት ብሩሽ ዱላ ነው።

ዳር ተመልካች

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፣ ግን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አንዱንም አታድርጉ። 12 ጀማሪ ሸራ ፊት ቆሞ "እንዳላበላሸው" እያለ ሲፈራ ቅዳሜው ያልቃል። የሚጣል ነገር ላይ ጀምሩ።

የሲሚንቶ ከረጢት የውስጠኛውን ንጹሕ ንብርብር ወረቀት ውሰዱ። ቡናማ ስለሆነ መካከለኛው ጥላ ተሠርቶ ነው የሚመጣው፤ ከሰል ጥላውን፣ ጠመኔ ብርሃኑን ይጨምራል። ከጊዜ በኋላ ይጠቁራል፣ ይሰባበራል፤ ግድ የለም፣ ለልምምድ ነው።

የምድጃ ከሰል ጠጣር እየሆነ ወረቀት ይቧጭራል። የራሳችሁን ሥሩ፦ ከወንዝ ዳር የአኻያ ወይም የወይን ሐረግ ጭራሮ እርሳስ የሚያህለውን ልጣችሁ አድርቁ፣ በቆርቆሮ ጣሳ አጥብቃችሁ ሞልታችሁ ክደኑ፣ ክዳኑን በሚስማር አንድ ቦታ ብሱት፣ እሳት ውስጥ ክተቱት። ከቀዳዳው ጭስ ይወጣል። ጭሱ ሲቆም አውጡት፣ ቀዳዳውን በጭቃ ድፈኑ፣ እስኪበርድ ድረስ አትክፈቱ። ትኩስ ሳለ ከተከፈተ አየር ሲያገኝ ይያያዝና አመድ ይሆናል፤ ሁሉም ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። መሃሉ ሲሰበር ቡናማ ከሆነ ገና ነበር።

ለአሠራር ደግሞ በጥቂት ቀለም መሥራት የሚያውቅ ወግ በእጃችሁ አለ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በጥቁር መስመር ይከበባል፣ ውስጡ በወጥ ቀለም ይሞላል፣ ጻድቁ ሁለት ዓይኑ ይታያል፣ ክፉው በጎኑ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። አዲስ አበባ ካላችሁ 6 ኪሎ ግቢ ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ወርዳችሁ እዩት፤ ዓይኑ ላይ ስንት መስመር እንዳለ፣ የጨርቁ እጥፋት በስንት ጭረት እንደተሠራ ቁጠሩ። ሰማያዊ የለንም ብላችሁም አትዘኑ። የጥላሸት ጥቁር በነጭ ቀጥኖ ከቀይ አፈር አጠገብ ሲቀመጥ ለዓይን ሰማያዊ ይመስላል። ሞክሩት፤ ግራጫውን ብቻውን ነጭ ወረቀት ላይ፣ ሌላውን ቀይ መሃል።

ወላጆቹን በተመለከተ ክርክር አያስፈልግም። ቤታቸው ገብታችሁ መሶቡን እዩ። ለእንጀራ ማቅረቢያ ከሆነ ያልተቀለመ ሣር ይበቃ ነበር። ማን ነው አክርማውን ቀለም ነክሮ፣ በወስፌ እየወጋ፣ ያንን ሁሉ ሐረግ እየቆጠረ ያስገባበት? ጥጋብ የነበረበት ቤት ብቻ አይደለም። የነጠላው ጥለትም ብርድ አይከላከልም። የድሃ ቤት ያለ ጌጥ ኖሮ አያውቅም፤ ቀስ በቀስ ጌጡ የሚገዛ ፕላስቲክ ሆኖ እጅ ሥራ ፈታ እንጂ። እንዲያውም መሶብ መስፋት የምታውቅ እናት ካለች አንድ ቅዳሜ አስተማሪ ትሁን፤ ስለ ቀለም አቀማመጥ ከእኛ የተሻለ ታውቃለች።

የቅዳሜ ቡድን

እግዚአብሔር ይስጥልን። በከሰሉ እንጀምራለን። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ አንዱ አባላችን አፈሩን በምግብ ዘይት ለውሰን የዘይት ቀለም እንሥራ ይላል። ይሆናል?

ጥላሸትና አስኳል

በምግብ ዘይት አይሆንም። ፓልም ጭራሽ አይደርቅም፤ ዓመት ቆይቶም እጅ ላይ ይጣበቃል፣ አቧራ ይሰበስባል። የኑግም የሱፍም ዘይት በጣም ይዘገያል፣ ቶሎ ቶሎ የሚደራረብ ሥራ አይሆንበትም። የሚደርቀው የተልባ ዘይት ነው፣ እሱም በቀናት እንጂ በሰዓታት አይደለም። ልባስ የሌለው አቡጀዲ ላይ ካረፈ ደግሞ ጨርቁን ውሎ አድሮ ያደርቀዋል፣ ይሰባብረዋል። በኮላ ቀለም ላይ ዘይት ይደረባል፣ በዘይት ላይ ግን ኮላ አይደረብም፣ ተልጦ ይወርዳል።

ከሁሉ በላይ ልብ በሉ፦ የተልባ ዘይት የጠረጋችሁበት ጨርቅ ተጨማዶ ጥግ ከተጣለ ሲደርቅ ራሱን እያሞቀ፣ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። አዳራሹ የሰው ነው። ጨርቁን ደጅ አንድ በአንድ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ በሞላ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ ነክራችሁ ውጪ አሳድሩት።

ሸራ ወጣሪ

ብሩሹንም ከዘይት በኋላ በጋዝ አትንከሩት፣ አዳራሽ ውስጥ ሽታው ራስ ይፈልጣል። በጨርቅ አብሱት፣ ትንሽ የምግብ ዘይት አሽታችሁ እንደገና አብሱት፣ ከዚያ በደረቅ ሳሙና መዳፍ ላይ እያሻችሁ አረፋው ነጭ እስኪሆን እጠቡት። ፀጉሩን በጣት አሹሉና በጎኑ አስተኝታችሁ አድርቁት። ቀና አድርጋችሁ ካቆማችሁት ውሃው ወደ እጀታው ይወርድና ቆርቆሮው ይላላል።