የሸክላ ማሽከርከሪያ ከደሴ ወይስ ከኮምቦልቻ? ያገለገለ ወይስ አዲስ ማሠራት? ጥቆማችሁን እፈልጋለሁ

ጠያቂዋ (ደሴ፣ ሆጤ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። እስካሁን ጀበናና ድስት የምሠራው እንደ እናቶቻችን ያለ ማሽን፣ በእጄ ነበር። አሁን ግን መጠናቸው እኩል የሆነ ስኒና ሳህን በብዛት ስለታዘዝኩ በእጅ ብቻ ማድረስ አቅቶኛል። ኮምቦልቻ ውስጥ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ማሽከርከሪያ ለሽያጭ እንደቀረበ ሰምቻለሁ፤ በእግር የሚገፋውን ደግሞ እዚሁ በያጅ ቤት ማሠራት እንደሚቻል ነግረውኛል። የምኖረው በኪራይ ቤት ነው፤ መብራትም በሰፈራችን ይቆራረጣል። የተጠቀመበት ሰው የትኛውን ይመክረኛል?

ባለ ስኒዋ (ኮምቦልቻ)፦
እህቴ፣ ያገለገለ ከመግዛትሽ በፊት የእኔን ስሚ። ባለፈው ዓመት ከውጭ የገባ ማሽን ከአንድ ግለሰብ ገዛሁ። ሻጩ መብራት ጠፍቷል ብሎ ሳያስሞክረኝ ጫነልኝ። ቤቴ ወስጄ ሰክቼ ፔዳሉን ስረግጠው የማሽኑ ራስ (ጭቃው የሚቀመጥበት ክብ) በኃይል ተፈተለከ፤ ወዲያው የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ፣ ከሥሩም ጭስ ወጣ። ዲናሞው ሲፈታ ሽቦው ከሰል መስሎ ነበር። ለካ ማሽኑ የተሠራው ለ110 ቮልት ነው፤ የእኛ መስመር ደግሞ 220 ነው። ከዚያ በኋላ ሰውየው ስልኬን አላነሣም።

የአራዳው ነጋዴ (ደሴ)፦
ይህ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ደረሰኝ ተቀብለሽ ነበር? ምስክርስ አለሽ? የሻጩን ስም ብትጽፊልን ሌላው ሰው ይጠነቀቃል።

ባለ ስኒዋ፦
ደረሰኝ አልሰጠኝም፤ ምስክርም የለኝም። ስሙን ግን አልጽፍም፤ የቤተሰቡን ስም ማንሣት አልፈልግም። ገንዘቡ የአንድ ዓመት ጥሪቴ ስለነበር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የአራዳው ነጋዴ፦
ቢሆንም ለፖሊስ ማመልከት ነበረብሽ።

የቧንቧ ውሃ ልጅ (ደሴ)፦
ስለ ማሽኑ ልመልስ። ያገለገለውን ተዪውና እኛ ሰፈር ያለው በያጅ ጋ ሂጂ። የቤታችንን በር፣ የመስኮቱን ፍርግርግ፣ የእናቴን የምጣድ ማስቀመጫ የሠራልን እሱ ነው፤ አንዱም እስካሁን አልተነቃነቀም። ከእሱ የተሻለ ሠራተኛ በደሴ የለም።

የሸዋ በሩ ሸክላ ሠሪ (ደሴ)፦
ወንድሜ፣ የጠየቀችው ስለ በር አይደለም። በር ጥቂት ቢዛባም ይዘጋል፤ ማሽከርከሪያ ግን ዘንጉ ለጥቂት እንኳን ቢጣመም ጭቃው መሐል አይይዝም፣ ስኒውም አፉ ይወላገዳል። ሰውየው ማሽከርከሪያ ሠርቶ የሚያውቅ ከሆነ ያንን ንገራት፤ ካልሆነ ገንዘቧን አታስጨርሳት።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
ማሽከርከሪያ ሲሠራ አላየሁም። ነገር ግን እጁን አምነዋለሁ፤ ቃሌንም አልለውጥም።

የኮምቦልቻው መካኒክ፦
እህቴ፣ መብራት የሚቆራረጥብሽ ከሆነ በእግር የሚገፋው ሥራሽን አያስቆምብሽም። ሲሠራ ግን ከታች ያለው ቮላኖ፣ ማለትም በእግር የምትገፊው ክብ፣ ከባድ መሆን አለበት። ቢያንስ 40 ኪሎ ካልሆነ ጭቃውን ስትጫኚው ፍጥነቱ ይወድቃል፤ ክብደቱን በሲሚንቶ ሙሌት ማግኘት ይቻላል። ለመሽከርከሪያው የአሮጌ መኪና ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት ክፍል) ከነኩሽኔታው ይበቃል፤ ዘንጉን ግን ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚቀረጽበት) ያቃኑት እንጂ በመዶሻ አይመታ። ስትረከቢ ምስማር በማይነቃነቅ ነገር ላይ አስረሽ ጫፉን ወደ ማሽኑ ራስ ጠርዝ አስጠጊና ቀስ ብለሽ አዙሪው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት አንዴ ከሰፋ አንዴ ከጠበበ አትቀበዪ። የልብስ ማጠቢያ ዲናሞ እንግጠምልሽ ቢሉሽም እምቢ በዪ፤ በዝግታ ሲዞር ጉልበት ስለሌለው እጅሽን ስታሳርፊበት ይቆማል። ያገለገለውን ለማየት ከሄድሽ በመጀመሪያ በማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቢ፤ 220 ወይም 240 ቮልትና 50 ኸርዝ ማለት አለበት። ከዚያም ከቤትሽ ሦስት ኪሎ ያህል የታሸ ጭቃ ይዘሽ ሂጂ፤ በዝቅተኛ ፍጥነት እያዞርሽ በሁለት መዳፍሽ ተጫኚው። ጭቃ ሳያርፍበት ሁሉም ማሽን ደህና ይመስላል። መብራት ጠፍቷል ካሉሽ ሌላ ቀን ተመለሺ።

እናት (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)፦
ልጆቼ፣ ይህ ማሽን የእንጀራ ምጣድ ይሠራል? ገበያ ላይ የሚሸጠው ቶሎ እየተሰነጠቀብኝ ተቸግሬአለሁ።

የሸዋ በሩ ሸክላ ሠሪ፦
እማማ፣ ለምጣድ አይመችም። የብዙዎቹ ማሽኖች ራስ ስፋት ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ምጣዱ በእጅ ሲሠራ ይሻላል። አዲስ ምጣድ ሲገዙ በጣትዎ አንኳኩተው ያዳምጡት፤ የተሰነጠቀ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል። ለጠያቂዋ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ለጀበና የምትጠቀሚበት ጭቃ የተፈጨ ገል (የተሰበረ ሸክላ) አለበት፤ በማሽን ላይ ስትሠሪበት እንደ አሸዋ ወረቀት መዳፍሽን ይልጠዋል። ለስኒው ጭቃውን በውሃ በጥብጠሽ በደቃቅ ወንፊት አጥልይው።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለ ስኒዋ፣ የደረሰብሽ በጣም አሳዝኖኛል። ቅዳሜ ጭቃዬን ይዤ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። በእግር የሚገፋውን እዚያ ባሠራው በሐረጎ ዳገት ጭኖ ማምጣቱ ጉዳት ያደርስበት ይሆን?

የኮምቦልቻው መካኒክ፦
ቮላኖው ተፈትቶ ለብቻው ከተጫነ ምንም አይሆንም። ስለዚህ ሲሠራ ቮላኖው ከዘንጉ ጋር እንዳይበየድ፣ በብሎን እንዲታሰር ንገሪያቸው።

የመናፈሻው ተማሪ (ደሴ)፦
ይህ ከተጻፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። እኔም እየፈለግሁ ስለሆነ፣ ኮምቦልቻ ያለው ማሽን ተሸጦ ይሆን?