ወንድሜ አሜሪካ አገባ፣ ቪዛው ሊያልቅ ነው ምን ያርግ?

የፍኖተ ሰላሟ፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች፣ ወንድሜ በቪዚት ቪዛ ሄዶ እዛው ሲቲዝን አገባ፣ የተሰጠው 6 ወር ጥር ላይ ያልቃል፣ እናታችን ደግሞ ለጥምቀት መጥቶ ቅልቅል ካልደገስኩ ብላ ጌሾው ሁሉ ተገዝቷል፣ ቪዛውን ያራዝም ወይስ መጥቶ ይመለስ? ግራ ገባን

የደንበጫው፦
እህቴ ማራዘሙ ትርፉ ድካም ነው፣ የሚጨመርለት የጎብኚ ጊዜ እንጂ መኖሪያ አይሆነውም። ሚስቱ አይ 130 (ባሌ ነው ብላ የምታመለክትበት ፎርም)፣ እሱ አይ 485 (የግሪን ካርድ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ) አንድ ላይ ያስገቡ፣ በህጋዊ ቪዛ በኤርፖርት ከገባ ፋይሉ እየታየ እዛው መቆየት ይችላል። ግን እንዳይወጣ!! 485 አስገብቶ በአይ 131 የጉዞ ፈቃድ ሳይዝ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወው ነው የሚቆጠረው። ጌሾው እንደሆነ አይበላሽም 😂

ማርቆሴ፦
ልክ ነው። ሚስትየው በአይ 864 ፎርም ስፖንሰር (የገንዘብ ዋስ) ትሆናለች፣ ገቢዋ ከድህነት መስመሩ 125% ካልሞላ ሌላ ሰው ተጨማሪ ስፖንሰር ይሆናል። እናንተ የልደት ሰርተፍኬቱን ከወሳኝ ኩነት አውጡለት፣ አማርኛ ብቻ ከሆነ በእንግሊዝኛ ይተርጎም፣ ስሙ ከፓስፖርቱ ጋ ፊደል በፊደል ይመሳሰል፣ የኔ አባት ስም አንድ ፊደል ስታ ስንት ወር አንከራተተችኝ መሰላችሁ። ጋብቻው 2 አመት ሳይሞላው ግሪን ካርዱ ከወጣ የ2 አመት ብቻ ነው የሚሰጡት፣ ከዛ ቋሚ ለማድረግ አይ 751 የሚባል ፎርም አለ።

የፍኖተ ሰላሟ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ለእማዬ ነገርኳት፣ ሙሽሮቹ ባይመጡም ጠላው ይጠነሰሳል አለች