በ1983 ከአሥመራ የተመለሱ ወታደሮች፦ አባቶቻችሁ ስለ መንገዱ ምን ነገሯችሁ?

የወታደር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። አባቴ ኤርትራ የነበረው የደርግ ጦር፣ የሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት አባል ነበር። በብሔራዊ ውትድርና ነው የሄደው፣ 30 ወር ጨርሰህ ትመለሳለህ ተብሎ። ወሩ ቢሞላም የሚለቀው አልተገኘም፣ ግንቦት 16 ቀን 1983 አሥመራ በሻዕቢያ ስትያዝ እዚያው ነበር።

ስለ ጦርነቱ ያወራል። የደቀመሐሬን ግንባር፣ ምሽጉን፣ ጥርስ የሚሰብረውን ኮቾሮ (የወታደር ደረቅ ብስኩት) ሲያወራ ያመሻል። ሽሽቱ ላይ ሲደርስ ግን «ከዚያማ መጣን» ይልና ዝም ነው። እናቴ የምታውቀው መጨረሻውን ብቻ ነው። ክረምት ላይ ጎጃም ደረሰ፣ ግን ልብሱ ተበጣጥሶ ገላው ይታይ ስለነበር በቀን ሰፈር መግባት አፍሮ ወንዝ ዳር ቁጭ ብሎ እስኪመሽ ጠበቀ። ስንት ዓመት የናፈቀው ቤት ጭሱ እየታየው! ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል። አሁን እያረጀ ነው። ልጠይቀው ወይስ ልተወው? እናንተስ ቤት እንዴት ነው?

የአሥር አለቃ፦
ልጄ፣ እኔም እዚያው ነበርኩ። መቼም መንገዱ አንድ አልነበረም። እጁን የሰጠ አለ፣ መረብን ተሻግሮ በትግራይ የመጣ አለ፣ እኛ ደግሞ በከረን በአቆርዳት አድርገን ወደ ሱዳን፣ ወደ ከሰላ ነው የተጓዝነው። የግንቦት ቆላ እሳት ነው። ከጥይቱ ይልቅ ውሃ ጥሙ ነው የጨረሰን። ኮዳው ውስጥ ጉንጭ ውሃ የቀረችው ሰው ከመቶ አለቃም ከሻምበልም በላይ ነበር። ደከመኝ ብሎ ዛፍ ሥር አረፍ ያለ ብዙ ጊዜ አይነሳም፣ እኛም ቆመን አንጠብቅም። ይሄ ነው እንግዲህ ለልጅ የማይወራው።

ሌላም አለ። ማታ ማታ አገራችንን እንነጋገር ነበር። ማን የት እንደተወለደ፣ ቤቱ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን በታች እንደሆነ፣ እናቱ ማን እንደምትባል። ለወሬ አይምሰልሽ፣ ከሞትኩ ንገሩልኝ ማለት ነው። ወረቀት ስለሌለ ሁሉም በቃል ነው። እኔ አገሬ ገብቼ ትንሽ እንዳገገምኩ የወሎ ጓደኛዬን እናት ፍለጋ ሄድኩ። መርዶ ከማድረስ ጦርነት ይሻላል። አባትሽም የሰው አደራ ይዞ ይሆናል። ምን ደረሰብህ ብለሽ አትጠይቂው። ከማን ጋር መጣህ በይው።

የሸዋ ልጅ፦
እኛ ቤት ደግሞ አጎቴ ተዝካሩ ተበልቶ ነው የመጣው። መጋቢት 1980 ኤርትራ ውስጥ አፍአበት ላይ በሻዕቢያ ተማርኮ ሳሕል በረሃ ከረመ፣ ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ። አያቴ ልቅሶ ተቀመጠች፣ ጥቁር ለበሰች፣ ሚስቱም ወጣት ስለነበረች ወላጆቿ ለሌላ ዳሯት። በ1983 ሲመጣ እሷ የሁለት ልጆች እናት ነበረች። ማን ላይ ይፈረዳል? አጎቴም አልፈረደባትም። ግን ሁልጊዜ የሚለው ነገር አለ፣ እስር ቤት ሆኖ በሐሳቡ የሚገባበት ቤት ምጣዱ የት እንደተቀመጠ፣ አልጋው ወደ የትኛው ግድግዳ እንደሆነ ሳይቀር ያውቀው ነበር፣ ያ ቤት ነው እሱን በሕይወት ያቆየው፣ ሲመጣ ግን ቤቱ የለም። ሰዎች ተመልሶ መጣ፣ እልል በሉ ይላሉ። መምጣቱ እኮ ሌላ ነው፣ መግባቱ ሌላ ነው። በኋላ አግብቶ ወልዷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያችን ሴት ግን ገበያ ላይ ሲያያት እስካሁን መንገድ ይቀይራል።

ጦላይ፦
የኔ አባት እቤት ገብቶ ሳይጠግብ እንደገና ሪፖርት አድርግ ተባለ። የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን ብዙው ተሃድሶ ካምፕ ገብቷል፣ እሱም ጦላይ ቆይቶ ነው የተለቀቀው። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ነው እኮ ባንዴ ሲቪል የሆነው። የከተማው ልጅ ሥራ አጥ ሆኖ ቀረ፣ ገጠሬው ቢያንስ እርፍ የሚጨብጥበት መሬት ነበረው። እህት፣ ጠይቂው። እኔ ነገ ዛሬ ስል አባቴ አረፈ።

የወታደር ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ቡና ላይ «ከማን ጋር መጣህ?» አልኩት። መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ የሦስት ሰው ስም ነገረኝ። ሁለቱ አገራቸው ገብተዋል። ሦስተኛው ከአቆርዳት አላለፈም። የሐይቅ አካባቢ ልጅ ነው፣ አባቴ የእናቱን ስም፣ የቤተ ክርስቲያኑን ስም፣ የሚሻገሩትን ወንዝ ሁሉ ያውቃል፣ ግን አንድም ቀን ሄዶ አልተናገረም። «ምን ብዬ ልንገራቸው? ጥዬው መጣሁ ልበል?» አለኝ። እናቱ በሕይወት ባትኖርም ወንድም ወይ እህት አይጠፋም። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ከሐይቅ ወይ ከደሴ የሆናችሁ፣ አገሩን በደንብ የምታውቁ፣ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አባቴ እኔ አብሬው ከሄድኩ ራሱ ሄዶ ሊነግራቸው ተስማምቷል።